ራስ ሳይጠና ጉተና
ፀጉሯ ለሚረግፍ ልጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ እናትሽ ነግራኛለች። አንቺ ልትነግሪኝ እንዳልፈለግሽም አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩሽም። ፀጉር ሲሄድ ሴት ልጅ መጀመሪያ የምትገዛው ሻሽ ነው፤ ቀጥሎ ቅባት፣ ከዚያ ዊግ። ሐኪም የሚታወሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ነርስ ሆኜ በቆዳ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ያየሁት ይህንኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። የፀጉር ነገር ሲሆን ደግሞ ደብቀሽ የምታቆዪው ጊዜ ራሱ ከፀጉርሽ ላይ ይቀነሳል።

ምክሬ አጭር ነው። የፀጉር መርገፍ የበሽታ ስም አይደለም፤ ምልክት ነው። ከኋላው ያለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም አትቀቢ፣ ምንም አትዋጪ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አጭሩን ከሰማሽ ረጅሙን ደግሞ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። አሮጊት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

አስቀድሜ የማይገባሽን ፍርሃት ላንሳልሽ። ሰው ራሱ ላይ መቶ ሺህ ያህል ፀጉር አለው፤ ከዚያ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ጤና ነው። ሹሩባ ተሠርተሽ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ስትፈቺው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ማበጠሪያው ላይ ይቀርና ትደነግጫለሽ። እሱ የአንድ ቀን አይደለም። በየቀኑ መውደቅ የነበረበት ተጎንጉኖ ቆይቶ አንድ ላይ የወጣ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ፀጉርሽን ለሁለት ስትከፍዪው መሐሉ ላይ ያለው መስመር ከዓምናው ሰፍቶ ከታየሽ፣ ሰብስበሽ ስታስሪው ላስቲኩ አንድ ዙር ከጨመረ፣ የግንባርሽ ዳር ወደ ኋላ ከሸሸ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳንቲም የሚያህል ባዶ ከወጣ፣ ወይም የራስሽ ቆዳ ካሳከከሽ፣ ካቃጠለሽ፣ ሲነካ ካመመሽ። እናትሽ እንዳለችኝ ከእነዚህ ሁለቱ አሉብሽ።

ፀጉር የራሱ የጊዜ አቆጣጠር አለው። አንዱ ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል። ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ያርፍና ይወድቃል፤ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ሁሉም በየተራው ስለሚያርፍ አይታወቀንም። ሰውነት ከባድ ነገር ሲገጥመው ግን ብዙው ፀጉር አንድ ላይ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ አንድ ላይ ይረግፋል። ከባድ ነገር የምልሽ ወሊድ፣ ብርቱ ትኩሳት፣ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ኮሮና፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአንድ ጊዜ ክብደት መቀነስ፣ የቅርብ ሰው ሐዘን ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሚረግፈው ፀጉር ጥፋተኛው ያለው ከሦስት ወር በፊት ነው። ሰው ግን የሚከሰው የትናንቱን ሻምፖ ነው። አረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ውሃውን ይከስሳሉ። ውሃው ፀጉርን ሊያደርቅና ሊሰብር ይችላል፤ ከሥሩ የሚያረግፈውን ግን ከቧንቧው ይልቅ ባለፈው ሕመማቸው፣ በጠፋው ክብደታቸው፣ በተሸከሙት ጭንቀት በኩል መፈለግ ይሻላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አራስ የነበረች ሴት በሦስተኛው በአራተኛው ወሯ ፀጉሯ ሲረግፍ «ዓይን በላኝ» ትላለች። ዓይን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ይመለስላታል።

አንዳንዱ ታዲያ እዚሁ ላይ ይቆማል፤ «ጭንቀት ነው፣ ይመለሳል» ብሎ ይተኛል። ባይመለስስ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ የተደበቀውን ችግር አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የሚያወጣው ፀጉር ነው። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት ሄሞግሎቢኗ ደህና ሆኖ እያለ የብረት ክምችቷ ተሟጦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከደም ማነስ ምርመራው ጋር ፌሪቲን የሚባለውን የሚያዘው፤ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው እሱ ነው። እንጀራችን ብረት አለው ብለሽ አትዘናጊ። ከምግብ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። (ቡና ተዪ አላልኩሽም፤ እኔም አልተውኩም። ምግቡን አሳልፈሽ ጠጪ ነው ያልኩሽ።) በጾም ወራት ደግሞ በሻይና በዳቦ የምትውዪውን ነገር አቁሚ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ለምን ተፈጠረ?

ታይሮይድም አለ። እንቅርት አንገት ላይ ሳይወጣ ዕጢው ሥራውን ሊያጓድል ይችላል። ብርድ የማትችዪ ከሆነ፣ ሳትበዪ ከወፈርሽ፣ ድካም ከያዘሽ፣ የቅንድብሽ የውጭ ጫፍ ከሳሳ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ሉፐስ የሚባለው የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ የሚዞርበት በሽታም ፀጉር ይበላል። ቂጥኝም በሁለተኛ ደረጃው ፀጉርን እዚህም እዚያም ያሳሳል። ደም ለማቅጠን፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለብጉር የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ደግሞም ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ትንሽ የብረት እጥረት፣ ትንሽ ውርስ፣ ትንሽ የጠበቀ ሹሩባ ተባብረው ራስ ባዶ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ይህን ለያይቶ የሚያውቅ የተማረ ዓይን እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም፤ የእኔም ምክር ቢሆን።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር ልበል፣ የእህትሽ ትንሹ ልጅ ራሱን ሲያክ አይቼዋለሁና። በትምህርት ቤት ሕፃናት ላይ ቅርፊት እየሠራ ፀጉር የሚሰብረው ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በፀጉር መላጫ ይተላለፋል። ቅባት ብቻውን አያድነውም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ለሳምንታት በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን። ላሽ ደግሞ ሌላ ነው። ክብና ልሙጥ ባዶ ይተዋል፣ ቅርፊት የለውም፣ አይተላለፍም። ሰውነት የራሱን የፀጉር ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲወጋው የሚመጣ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ለሁለቱም አንድ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ነጭ ሽንኩርት! የተቃጠለ የሕፃን ራስ ስንቴ አጥቤያለሁ መሰለሽ? ከዚያም አንዷ ጎረቤት ለቆዳዋ ማቅያ የገዛችውን የስቴሮይድ ቅባት ታመጣለች። ቅባቱ ለላሽ በሐኪም እጅ መድኃኒት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ቆረቆር ላይ ሲቀባ ግን መቅላቱንና ማሳከኩን ለጊዜው ደብቆ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ነዳጅ ነው፤ ሳያዩ መቀባት ያለው አደጋ ይህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ግንባርሽ ዳር ያለውን እኔም አይቻለሁ። ሹሩባ ባህላችን ነው፤ እኔም በልጅነቴ ተሠርቻለሁ፣ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ማጥበቁን ነው። «ካልጠበቀ አይቆይም» ትልሻለች ሠሪዋ። ሲሠሩሽ ዓይንሽ እስኪሳብ፣ ማታ ትራስ ላይ ራስሽን ማሳረፍ እስኪያቅትሽ ከጠበቀ፣ በማግስቱም ግንባርሽ ዳር ችፍ ችፍ ካለ፣ ሥሩ እየተነቀለ ነው። በዚያ ላይ ሂውማን ሄር ሲሰፋበት ክብደቱ ይጨመርበታል፤ ሪላክሰር ከተቀባ ፀጉሩ ራሱ ደክሟል፣ ከካስክና ከፒያስትራ የሚመጣው እሳትም ይብስበታል። በዚህ ዓይነት የሄደ ፀጉር በጊዜ መጎተቱ ቢቆም ይመለሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። ዓመታት ካለፉ ግን ሥሩ በጠባሳ ይዘጋል። ጦም ያደረ መሬት ሲዘሩበት ያበቅላል፤ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግን ቢያጠጡትም አያበቅልም።

ከዚህ የሚብሰኝ ሌላ አለ። መሐል አናት ላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ዳር የሚሰፋ የፀጉር መርገፍ አለ፤ በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የሚያጠቃው ጥቁር ሴቶችን ነው። አንዳንዷን ያሳክካታል፣ ያቃጥላታል፤ አንዳንዷ ግን ምንም ሳያማት አናቷ ላይ ያለው ፀጉር እየተሰበረ አጥሮ ይቀራል። ብዙዎች «ፀጉሬ አልረዝም አለ» ብለው ያልፉታል። ይህ በሽታ ሥሩን በጠባሳ የሚደፍን ነው። በቤተሰብ የሚወርድበት ጊዜ እንዳለም ታውቋል። የሐኪም ሥራ ባለበት ማስቆም ነው፤ የተዘጋውን ሥር መክፈት ግን አይችልም። ዊጋቸውን ሲያወልቁ መዳፍ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ቆዳ የሚታይባቸው ስንት ሴቶች ወደ እኛ መጥተው «አሁን ምን ይደረግልኛል?» ብለው ጠይቀዋል! ሐኪሙ ዝም ሲል እኔ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዊግ አድርጊ ወይ አታድርጊ አልልሽም፤ ጌጥ ነው። የማያውቁትን በሽታ መሸፈኛ ሲሆን ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?» ብዬ ብጠይቅሽ የምትመልሺልኝን አውቃለሁ። ታፔላው ላይ «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት» ይላል፤ ስትገቢ ያየሽ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያነባል። ስንቷ ልጅ በር ላይ ደርሳ ተመልሳለች! አለርት ሂጂ ሲሏት ደግሞ «ዘነበወርቅ? የሥጋ ደዌው ሰፈር?» ብላ ፊቷ ይለዋወጣል። አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቋመ፤ ዛሬ ግን ለቆዳ በሽታ ሁሉ ከመላ አገሪቱ የሚኬድበት ሆስፒታል ነው። ሥጋ ደዌም ቢሆን በስድስት ወር ወይም በዓመት መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ማፈሪያ የሚሆነው ለማያውቅ ነው። ጥቁር አንበሳም የቆዳ ክፍል አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለች ከጤና ጣቢያዋ ሪፈር ታጽፍ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉትም በቤተሰብ ሐኪማቸው በኩል የቆዳ ሐኪም ይጠይቁ፤ የጥቁር ሰው ፀጉር ማየት የለመደ መሆኑን መጠየቅም ነውር አይደለም።

ስትሄጂ እንዴት እንደምትሄጂ ልንገርሽ፤ ግማሹ ምርመራ ያለው በአካሄድሽ ላይ ነው። በዋዜማው ቅቤ አትቀቢ። ቅቤ ፀጉሩን ያለሰልሳል፤ ከሥሩ አያበቅልም፣ በዚያ ቀን ደግሞ የራስሽን ቆዳ ይሸፍንበታል። ሹሩባውን ፈትተሽ፣ ዊጉን አውልቀሽ፣ በተፈጥሮ ፀጉርሽ ሂጂ። ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የተነሳሽውን ፎቶ ስልክሽ ላይ ፈልጊና ያዢ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ፣ ኪኒኑንም፣ መርፌውንም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውንም ጻፊ። ባለፈው ግማሽ ዓመት ምን አመመሽ፣ ምን ሆንሽ፣ ስንት ኪሎ ቀነስሽ፣ የወር አበባሽስ? በአባትሽም በእናትሽም ወገን ፀጉሩ የሳሳ ማን አለ? ሐኪሙ ፊት ተቀምጠሽ ደግሞ «ትንሽ ነው፣ እንዲያው ልታይ ብዬ ነው» አትበይ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደሰፋ፣ ያምም አያምም በሥርዓቱ ንገሪው።

እሱም ዝም ብሎ ወረቀት አይጽፍም፤ ከጻፈ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ራስሽን በብርሃን ያያል፤ በእጅ በሚያዝ ማጉያ መሣሪያ የሥሮቹን ቀዳዳ ይመለከታል። ቀዳዳው ካለ ተስፋ አለ፤ ከጠፋ ጠባሳ ነው። ትንሽ ፀጉር በጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ይስባል፤ ስንቱ እንደሚወጣ ለማየት ነውና አትደንግጪ። ቅርፊት ካለ ፍቆ ለፈንገስ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ደም ያዛል። ጠባሳ የሚተው በሽታ ከጠረጠረ አራት ሚሊ ሜትር የምታህል ናሙና ከቆዳው ይወስዳል፤ በማደንዘዣ ነው፣ አንድ ሁለት ስፌት ነው። ከዚህኛው ብዙዎች ይሸሻሉ። አትሽሺ፤ ቁርጡ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣልሽን ባዮቲን የምትውጪ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትናገሪ ደም አትስጪ። በብዛት የተወሰደ ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያሳስታል፤ የልብ ምርመራንም ጭምር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀበት ነገር ነው። የባዮቲን እጥረት ራሱ እምብዛም የማይገኝ ነገር ሆኖ ሳለ ስንት ዶላር ይጠፋበታል!

መድኃኒት ከታዘዘልሽ ትዕግሥት ይኑርሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ኪኒን ነበር፤ የሚውጡት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር ተፈቀደ። ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም መርገፉ ሊጨምር ይችላል። ይህን ያልተነገራት ደንግጣ ትጥለዋለች። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካጠባሽ ግን አይሆንም። ለከባድ ላሽም በ2022 እ.ኤ.አ. ባሪሲቲኒብ የሚባል ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ያለ ስፔሻሊስት የሚነካ መድኃኒት አይደለም።

ለወንድምሽም ንገሪው። የእሱ በአብዛኛው የዘር ነው፤ ከግንባሩ ጎንና ጎን እና ከአናቱ የሚጀምረው። ፊናስተራይድ እየዋጠ ከሆነ ሦስት ነገር ይወቅ፦ የወሲብ ስሜት ሊቀንስበት ይችላል፣ የተሰበረውን ኪኒን እርጉዝ ሚስቱ መንካት የለባትም፣ ወደፊትም የፕሮስቴት የደም ምርመራ ሲያደርግ ውጤቱን በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው ለሐኪሙ ይናገር። ኢስታንቡል ሄጄ ፀጉር አስተክላለሁ ማለቱንም ሰምቻለሁ። ገንዘቡ የራሱ ነው። በሽታው ባልረገበ ራስ ላይ የሚተከል ፀጉር ግን ተመልሶ ሊወድቅ ይችላልና መጀመሪያ ይመርመር። ራስ ሳይጠና ጉተና!

ስለ ሻጮቹ ብዙ አላወራም። ነጭ ጋዋን ለብሶ በቲክቶክ «በ21 ቀን ፀጉር የሚያበቅል» እያለ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከመጠምጠም መማር ይቅደም በይው። አያያዝሽን አይተው ነው ጭብጦሽን የሚቀሙሽ፤ መጨነቅሽን ያውቃሉ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ራስሽ ላይ አታፍስሺ።

ጠበል ጠጪ፣ ተጠመቂም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ሐኪምን አክብር የሚለው መጽሐፈ ሲራክ እዚያው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚነበብ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጠበልተኛ ሆኜ መድኃኒት አልወስድም የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ያለው እሱ ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም።

በይ እንግዲህ። ሹሩባውን ዛሬ ማታ ፍቺው፣ ሰኞ ጠዋት ካርድ አውጪ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሻሽ ሳታስር ያላየኋት ሴት ናት፣ የእሷም አናት መታየት አለበት።